ከማተቡ ጋር የታሰረው ቁልፍ

የአባቴ ቤት ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ሞላሌ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ የሆነ ቤት ነበረን፤ የላምባው በርሜል የተቀመጠው ልክ በሁለቱ መካከል ነው። ዳቦው ይሸታል። ጋቢው ይሸታል። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ ከአልጋ ጎረቤቴ ጋር ስንተዋወቅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልብስሽ ላይ ጋዝ ፈሰሰብሽ እንዴ?» የሚል ነበር። ዓመታት በሳሙና ስፈገፍገው ከርሜ፣ አስተማሪ ሆኜ ስመለስ ጓዜን ያወረድኩት እዚያው በርሜል አጠገብ ነው።

አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል። ነፍሱን ይማርና እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

የሚሸጠው ላምባ ብቻ አልነበረም። መብራት ወደ ከተማችን ሲገባ በእኛ መንገድ ላይ ቆጣሪ ለማስገባት አቅም የነበረው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ከራሱ ቆጣሪ ገመድ እየሳበ ለጎረቤቱ ሁሉ በአምፖል ያከራይ ጀመር። ቆጣሪውን በእንጨት ሳጥን ከለለው። የጎረቤቶቹን መስመር ማብሪያ ማጥፊያም እዚያው ሳጥን ውስጥ አደረገና ቆለፈበት፤ ቁልፉን ደግሞ ከማተቡ ጋር አሰረው። አንገቱ ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን። ሲያጎነብስ ሁለቱ እየተጋጩ ይንቃጨላሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲሳለም ሳየው፣ አሁን ድንጋዩን ቀድሞ የሚነካው መስቀሉ ነው ወይስ ቁልፉ እያልኩ አስብ ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይለቃል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨለማ የላምባው ገበያ ነው። አልፎ አልፎ በየቤቱ እየዞረ አምፖል ይፈትሻል፤ ባለ ስልሳ ሻማ ያስገባ ካገኘ በራሱ እጅ ፈትቶ ባለ አርባ ይተካበታል፣ ስልሳውን በኪሱ ይዞ ይወጣል። ሰዉም «እግዜር ይስጥልን፣ እርስዎ ባይኖሩ በጨለማ ነበርን» እያለ እስከ ደጅ ይሸኘዋል። ያን ምርቃት ስሰማ ከአባቴ ይልቅ ሰዉን የጠላሁበት ቀን አለ። እኔ ራሴ በዚያ አምፖል ኪራይ ኮሌጅ መግባቴን ሳስታውስ ደግሞ አፌን እዘጋለሁ።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩት ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው እንጀራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ገብተዋል። እኔ «አባባ» እላቸው ነበር። ልጅ ሆኜ ብርድ ሲመታኝ ከሱቃችን ይልቅ እሳቸው እግራቸውን ከተው የሚሸምኑበት ጉድጓድ አጠገብ መቀመጥ እወድ ነበር፤ የበግ ጸጉር እንጂ ላምባ አይሸትም።

የእሳቸው ባና ጥቁር ነው። ቀለም ያልነካው፣ ከጥቁር በግ ጸጉር የተፈተለ። ጥቁር ባና ለመሥራት ብርሃን እንዴት እንደሚያስፈልግ እሳቸው እስኪያሳዩኝ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም። የእኛ አገር ቤት ድንጋይ ነው፤ ብርዱን ፍራቻ መስኮት አይወጣለትም፣ ቢወጣለትም ከመዳፍ አይሰፋም። በጋ ሲሆን በሩን መክፈት ይበቃል። ክረምት ጉሙ መጥቶ ደጃፍ ላይ ሲተኛ ግን በስድስት ሰዓትም ቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም። ድሩ ጥቁር፣ ማጉ ጥቁር፣ ቤቱ ጥቁር። አንድ ክር ከተዘለለ ባናው ውሎ አድሮ እዚያው ላይ ይሳሳል፤ ገዢው ደግሞ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ አይገዛም። ስለዚህ ሽማግሌው ኩራዛቸውን ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ከአፍንጫቸው ስንዝር በማይርቅ ቦታ ያስቀምጡና ጥቀርሻውን እየሳቡ ይሠራሉ። ዓይናቸው ክረምት ከበጋ ቀይ ነው፣ ያለቅሳል።

እሳቸው የሚያስፈልጋቸው የማታ መብራት ሳይሆን የቀን መብራት ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ፊት አባቴን ለመኑት። «ጉም በሆነ ቀን እንኳ ቢለቁልኝ፣ የቀኑን ለብቻ እከፍላለሁ» አሉት።

አባቴ ሳቀ። «ፀሐይን የፈጠረ አምላክ ቀን ላይ አምፖል ሲበራ ቢያይ ምን ይለናል?» አለና ኩራዛቸውን ተቀብሎ ላምባ ሞላላቸው። ከላይ ጠብ ጠብ አድርጎ ምርቃት ጨመረበት። ጎረቤት ናቸዋ!

በዚያ በልማታዊ መንግሥት ዘመን ስብሰባ እንደ ክረምት ዝናብ ነበር፤ ወረዳው ይጠራል፣ ቀበሌው ይጠራል፣ አንድ ለአምስቱ ይጠራል። አንድ ሚያዝያ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። በመጀመሪያ አንድ የወረዳ ካድሬ ተነሥቶ ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ኪራይ ሰብሳቢ የልማት ጠላት ነው፣ ያልሠራበትን ይበላል፣ የሕዝብን ጥቅም በግሉ ሳጥን ይቆልፋል አለ። አባቴ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው እሱ ነው። ሲያጨበጭብ ቁልፉ ይንቃጨላል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ።

ቀጥሎ ከመብራቱ መሥሪያ ቤት የመጣ ወጣት ተነሣ። እሱ መፈክር አላወቀም። ቆጣሪ ማስገቢያውን በአንድ ጊዜ መክፈል ላልቻለ ሰው መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደሚያበድር፣ ሰውዬው ትንሽ ብቻ አስቀድሞ እንደሚከፍል፣ የቀረው ከወር የመብራት ሒሳብ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት እንደሚከፈል አስረዳ። «ለላምባ የምታወጡትን ያህል እንኳ አይሆንም» አለ። ዕዳው ቆጣሪው ላይ ነው፣ ቤቱን የያዘ ሰው ይከፍለዋል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ስብሰባ የሰው ወሬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ከኋላ እጃቸውን አነሡ። «ቀን ቀንም ይበራል?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። «ቀንም ሌሊትም የእርስዎ ነው አባባ፣ ማብሪያው በእርስዎ ቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚሆነው» አላቸው።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቃል። ለእሳት ስለሚያሰጋ የሣር ቤት አይገባለትም፣ ጣራው ቆርቆሮ መሆን አለበት። ሁለተኛው ዋስ ነው፤ ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ። አንድ ደመወዝተኛ የሚዋሰው ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጧት ትምህርት ቤት ስሄድ ሽማግሌው መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ቤት ያልመጡት ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

«ልጄ፣ ዋስ ትሆኝኛለሽ?»

«እሺ አባባ» አልኩ። ሳላስብ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲለምን እምቢ አይባልም፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺ ይባልና፣ የማይፈልጉት ከሆነ ሳይመጡ ይቀራል። ለማኙም ሲቀሩበት ሲቀሩበት ይገባዋል። ያን ጧት ግን ከልቤ ነበር፣ ይህንን ማንም አይወስድብኝ።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» አሉ። «እኔ እንግዲህ አንቺን ይዤ ቤቴን አፈርሳለሁ።»

አፈረሱት። ያሉትን በጎች ነድተው ገበያ አወጡና ቆርቆሮ ገዙ። ጣራቸው ወፍራም የጓሳ ሣር ክዳን ነበር፤ ጓሳ የሚያሞቀውን ያህል ምንም አያሞቅም፣ ዝናብም በላዩ ሲወርድ አይሰማም። የእድሩ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ቀን ገፈፈው። እኔም ለሠራተኛው ውሃ አመላለስኩ። ሽማግሌው እንደ ሙሽራ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ከጉድጓዳቸው በላይ ያለውን አግዳሚ እንጨት እየደበደቡ፣ «አምፖሉ እዚህ ነው፣ ከራሴ በላይ፣ ጥላዬ በማይወድቅበት» ይሉኝ ነበር። አባቴ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ እያየ «ቆንጆ ሆነ» አለ።

አባቴ ክፉ ቃል አይናገርም፤ ክፋቱ እሱ ነበር። ቢቆጣኝ፣ ቢከለክለኝ፣ እልህ ይዞኝ ሄጄ እፈርም ነበር። እሱ ግን ዝም አለ። ራት ሳቀርብ «አልራበኝም» ይላል። በማግሥቱም አልራበውም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሴቶች «አባትሽ ምን ሆነው ነው የከሱት?» ማለት ጀመሩ። ያን ማታ አባቴ ማዕዱን ገፋ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው እንዲህ አለ፦

«ልጅ ናት፣ ደመወዟ የራሷ ነው። እሳቸው ካስገቡ ሌላውም ያስገባል። ያስገባ። እኔ ምን ቀረኝ፣ ያስተማርኳትን አስተምሬያለሁ።»

አውቆ የሚራብ ሰው እንደሚያስጠላ ያን ሰሞን ነው የተማርኩት። ደግሞም ውሸቱን ነው፤ ሱቁ ውስጥ ብስኩት ይበላ እንደነበር ወረቀቱን ከበርሜሉ ኋላ አግኝቼዋለሁ። አግኝቼም መልሼ እዚያው ወተፍኩት።

ሌላም አለ፤ እሱን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። የአስተማሪዎች ክፍል ሻይ ስንጠጣ አንዱ «ለቁጢት በጣሽ ዋስ ልትሆኚ ነው አሉ?» አለኝ። ሸማኔን መስደቢያ ነው፤ ሱሪው ከመቀመጥ ብዛት የተቀደደ ለማለት። ሌሎቹ ሳቁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉድጓዳቸው አጠገብ የሞቅኩ፣ ባናቸውን ለብሼ ያደግኩ እኔ፣ እኔም ሳቅኩ። ረጅም ሳቅ አልነበረም። ግን ሳቅኩ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ግንቦት ውስጥ ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች፣ ጤና ጣቢያውም፣ ግብርናውም፣ ደመወዝ የሚበላው ሁሉ ለየዘመዱ ተዋሶ አልቋል። ለሽማግሌው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቀጥሬያቸው ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ «እሺ ነገ»፣ «እሺ ከነገ ወዲያ» እያልኩ። ያን ቀን ጧት በአጥር ላይ «በሦስት ሰዓት ተኩሉ ዕረፍት እመጣለሁ፣ እርግጥ ነው» አልኳቸው።

ትምህርት ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ቁልቁል ሲያዩ የምዝገባው ቢሮ ደጃፍ ይታያል። ደወሉ ተደወለ። ወደ አጥሩ ሄድኩና አየሁ። ሽማግሌው ቆመዋል። አዲሱን ባና ለብሰዋል፤ ለሽያጭ የሠሩትን፣ ራሳቸው ለብሰውት የማያውቁትን። የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል። በየጥቂቱ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ይዞራሉ።

ከእኔ እስከ እሳቸው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ ወደ መጻሕፍት ክፍሉ ገባሁና በሩን ዘግቼ የቆዩ መጻሕፍት ቁልል ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። የአባቴን ዝምታ አሰብኩ፣ የባልደረቦቼን ሳቅ አሰብኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ያገኙ ይሆናል አልኩ። ሌላ ሰው እንደሌለ እያወቅኩ። ደወሉ ሲደወል ተነሥቼ ስለ ተክል ምግብ አሠራር አስተማርኩ፤ ለተክል ብርሃን እጅግ አስፈላጊ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ምሳ ሰዓት ቁልቁል ስመለከት አሁንም ቆመው ነበር። ወደ ቤት ስመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ዞሬ ሄድኩ። ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ እንደ ቆሙ በኋላ ሰው ነገረኝ።

አባቴ ያን ማታ ራበው። ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ሲያኝክ ጉንጩ ላይ የሚወጣውንና የሚገባውን ጡንቻ እያየሁ ከፊቱ መነሣት አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ጧት ሽማግሌው በአጥር ላይ ቀድመው ሰላም አሉኝ። «ሥራ በዝቶብሽ ነው አይደል ልጄ?»

«አዎ፣ ፈተና ደርሶብን» አልኩ።

«ገምቻለሁ» አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ውሸቱን ራሳቸው አዘጋጅተው፣ እንዳላፍር አጉርሰውኝ፣ ሄዱ።

ክረምቱ ገባ። ቆርቆሮው እንደ ጓሳው አይደለም፤ ውርጩን ያስገባል፣ ጧት ጧት ከውስጥ በኩል ጤዛ ይዞ ድሩ ላይ ያንጠባጥባል፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ ሰው ከሰው አያሰማማም። ጉሙ ደጃፍ ላይ ተኛ። ሽማግሌው በሙቀት ፈንታ ብርሃን ሊያገኙ ነበር ጣራቸውን ያነሡት፤ በእኔ እሺ ሁለቱንም አጡ። በእኩለ ቀን ኩራዛቸውን ይዘው ሱቃችን ይመጣሉ። አባቴ ይሞላላቸዋል፣ ጠብ ጠብ ያደርግላቸዋል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ጉም በሆነ ቀን እንኳ ይልቀቁላቸው» አልኩት። «አንቺ ዋስ ልትሆኛቸው አልነበረም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

በዓመቱ ወደ ዘመሮ ለመዛወር ጠየቅኩ። ሰው ወደ ትልቅ ከተማ ልዛወር ሲል እኔ ልራቅ አልኩ። ለአባቴ ገንዘብ እልካለሁ፣ ለበዓል እመጣለሁ፣ ስመጣ በጨለማ ገብቼ በጨለማ እወጣለሁ፤ ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ሆነው እንዳያዩኝ።

አባቴ ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተ። የገነዙት ሰዎች መስቀሉን ከነማተቡ ተዉለትና ቁልፉን ፈተው ሰጡኝ። ሙቀቱ ያልጠፋ ይመስል በመሀረብ ነበር የተቀበልኩት። ከቀብር እንደተመለስን ሳጥኑን ከፍቼ ማብሪያውን ለቀቅኩትና ክዳኑን ነቅዬ ጣልኩት። በቀትር በመንገዳችን ላይ በየቤቱ አምፖል በራ። ሰው እየወጣ ወደ ሱቁ ያያል፤ ረስታው ነው ያሉም ነበሩ። በሽማግሌው በር ሥር ግን ብርሃን አልታየም።

ሱቁን ለመዝጋት በዚያው ሰነበትኩ። በርሜሉን አስወጣሁ፣ ወለሉን በአመድ አሸሁ። መብራቱ መሥሪያ ቤትም ያን ሰሞን እንደገና ይመዘግብ ነበር፤ ያው ብድር፣ ያው በጥቂት በጥቂቱ። ደስ አለኝ ብል አልዋሸሁም። እግዜር አንድ ጊዜ የዘጋውን በር ሁለተኛ ከፈተልኝ አልኩ። ፎርሙን ወስጄ ሞላሁ፣ ከደመወዝ ማስረጃዬ ጋር የዋሱ ቦታ ላይ አስቀድሜ ፈረምኩ። ሽማግሌው ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ውስጥ መግባቱ አሳፍሮኝ፣ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ እየተጣደፍኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ቢሮው ደጃፍ እንድንገናኝ፣ እሳቸው ጣታቸውን ብቻ እንዲያትሙ።

«እሺ ልጄ» አሉ ከውስጥ። «እሺ።»

ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው ደጃፍ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ቆሜ ወደ መንገዱ እዞራለሁ። ትምህርት ቤቱ ከላይ ደወል ሲደውል ሰማሁ፤ ባሕር ዛፎቹ መካከል ሰው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሰዓት። ጸሐፊዋ ለምሳ ስትዘጋ «ዛሬ አይመጡም መሰለኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፣ አሁን ገባሁ። ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ ተረብርቦበታል፣ ሳንቃው ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ሽማግሌው አጎዛው ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ፤ ጣታቸው ክሩን እየዳበሰ ይከተላል። ቀና አሉ። ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። ያ ሁልጊዜ የሚያለቅሰው ቀዩ ዓይን ደርቆ፣ እንደ ወተት ነጭ።

«ነይ ግቢ ልጄ» አሉ፣ ድምፄን ሳይሰሙ። «በላምባው ነው የማውቅሽ።»

እንደቆምኩ፣ «አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ኧረ ቆየ። ሦስት ክረምት ሳይሆነው አይቀርም።»

«ታዲያ ትናንት ለምን እሺ አሉኝ?»

እንዝርቱን አቆሙና ፊታቸውን ድምፄ ወዳለበት አዞሩ፤ ትንሽ አሳሳቱት፣ ከጎኔ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት።

«እምቢ ብልሽ ቅር ይልሽ የለ?» አሉ።